ተራው ያልደረሰ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከማኅተም ቀራጩ ቀጥሎ ባለው በር፣
ጎንበስ ብለው የሚገቡት አንድ ጌም ቤት ነበር፤
አምስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር፣
በፕላስተር የታሰረ ጆይስቲክ፣ ግድግዳው ላይ በማርከር፦
«ዱቤ የለም። ተሸንፎ መማታት ክልክል ነው።»

እኔ ሒሳብ ተቀባይ፤ ደቂቃ እሸጣለሁ፣
ማን ስንት ጊዜ ሞቶ እንደተነሣ በደብተር እጽፋለሁ።

ያን ሰሞን ሁሉም «የጨው ግንብ» ላይ ነው።
ጀግናው ሶልቫን ይባላል፤ ፊቱን ያየው የለም፤
ካባውን፣ ትከሻውን፣ የጫማውን ተረከዝ እንጂ ሌላ አናውቅም፤
ፊት ፊት ይሄዳል፣ እንደ ታላቅ ወንድም።

ማክሰኞ፣ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ፣ ላስቲክ ላይ ከተዘረጋው መጽሐፍ መሐል፣
ስሙን አየሁት፤ ልብ ወለድ ሆኗል።
ሽፋኑ በዝናብ አብጧል፣ የተርጓሚው ስም ተልጧል፤
ሻጩ መቶ ሃምሳ ብሎ በሰማንያ ለቀቀልኝ፤
«የልጆች ነው» አለ፣ ያዘነልኝ መስሎ።

ማታ መብራት ሄደ።
ስክሪኑ ሁሉ ባንዴ ጠቆረ፤ «ደቂቃዬ! ኧረ ደቂቃዬ!»
እንዳይበተኑብኝ ብዬ፣ በስልኬ ብርሃን፣
አነበብኩላቸው ድልድዩን፣
ሁሉም የሞቱበትን።

«ሶልቫን ድልድዩን ተሻገረ» ይላል።
በቃ። አንድ ዓረፍተ ነገር።

«ኤጭ!» አለ ያብስራ፤ «አርባ ሦስት ጊዜ የሞትኩበትን?
ደብተሩን እይ፣ ጽፈኸዋል!»
እውነቱን ነው። የያብስራ ሞቶች፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አምስት አምስት እየታሰሩ።

ሙአዝ ጠባቂዎቹን ቆጠረ፤ «ሦስት ናቸው፣ ሁለት አላቸው!»
አቤኔዘር ሰይፉ በግራ እጅ ነው ብሎ ማለ፤
«ደግሞ እናቱን ምን አመጣት? ሶልቫን እናት የለውም!»
መጽሐፉ ግን እናት ሰጥቶታል፣
ጥርሱን የሚያመው፣ ጨለማ የሚፈራ ልጅ አድርጎታል፣
አፍንጫው ላይ ጠባሳ ስሎበታል።
የሁላችን የነበረው ጀርባ
ዞር ቢል፣
የማናውቀው ሰው ሆነ።

የእኔም ልብ አልሞላ፣ ለምን እዋሻለሁ፤
ሳይወድቁ የተሻገሩት ድልድይ አንጀት አያርስም።

ብቻ አንድ ነገር አየሁ፣ በብርሃኑ ጠርዝ ላይ፦
የያብስራ አውራ ጣት፣ በሞተው ጆይስቲክ ላይ።
«ዘለለ» ስል ይጫናል፤
«አደፈጠ» ስል ያርፋል፤
ነጠላ ሰረዝ ላይ ይጠብቃል።
አፉ ይሳደባል፣ ጣቱ ያነባል።

መብራት መጣ። ሰፈሩ በአንድ አፍ «ኡኡ!» አለ፤
ወደ ስክሪኑ ያልዞረ ማን አለ?
መጽሐፉ እጄ ላይ ቀረ፣ ጣቴ ገጹ ውስጥ።

በሩ ጋ ግን፣ የሶፍትና የማስቲካ ሳጥኑን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣
ኤርሲዶ አልተነቃነቀም።
ሁለት ዓመት እዚያው ቆሟል፤ አንድ ደቂቃ ገዝቶኝ አያውቅም፤
ደብተሬ ውስጥ አንድም ሞት የለውም።
ድልድዩን ያየው በሰው ትከሻ መሐል ነው፣
ሶልቫንን የሚያውቀው በሰው እጅ ነው፤
«ወደ ግራ በለው!» ሲል፣
ወደ ግራ ያለለት የለም።

ለእሱ ጨዋታውም ልብ ወለድ ነበር።

ተጠጋኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«እናቱስ?» አለ። «ከዚያስ?»

ወንበሬን ለቀቅኩለት፣ ሒሳቡን ለሙአዝ ተውኩ፤
በዚያ ሁሉ ተኩስ ሥር፣ በሹክሹክታ፣ ቀጠልኩ።
ገጽ ሰባ ሁለት ላይ አንድ በር አለ፤
ጨዋታው ውስጥ ቀለም ብቻ ነው፣ አይከፈትም፣
ስንቱ ልጅ የትም ተራውን ጨርሶበታል።
እዚህ ግን እናትየዋ
ከውስጥ መቀርቀሪያውን ታነሣለች።

ኤርሲዶ ሳጥኑን ካንገቱ አወረደ።
ሁለት ዓመት ሙሉ አውርዶት አላየሁም።
«ቀስ በል» አለኝ፣
«ልግባ።»